ሰውየው ማነው? ከ«ጥፋተኛ» ቃል በኋላ ያሉት ደቂቃዎች

ልደታ በሚገኘው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የወንጀል ችሎት ፍርድ ሲነበብ ተከሳሹ ቆሞ ያዳምጣል። ክሱ፣ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ቃል፣ የመከላከያ ማስረጃውና የዳኞቹ ትንተና ተራ በተራ ይነበባል። ከኋላ ወንበር የተቀመጡት ዘመዶች የሚጠብቁት ግን የመጨረሻዋን ቃል ነው፦ ጥፋተኛ። ከዚያ የመሐል ዳኛው ዐቃቤ ሕጉን የቅጣት አስተያየት ይጠይቁታል። «ወንጀሉ በሌሊትና በቡድን የተፈጸመ በመሆኑ በማክበጃነት ይያዝልን» ይላል። የተከላካይ ጠበቃው ተራ ይቀጥላል። «ደንበኛዬ የቀድሞ የወንጀል ሪከርድ የለበትም፤ የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው፤ የጤና ችግርም አለበት። እነዚህ በማቅለያነት ተይዘውለት ቅጣቱ ዝቅ ብሎ ይወሰንለት።» ጠበቃ የሌለው ተከሳሽ ደግሞ «ልጆች አሉኝ» ይልና ሌላ ምን መባል እንዳለበት ስለማያውቅ ይቆማል። ለቅጣት ውሳኔ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ቀጣዩ መዝገብ ይጠራል።

በወንጀል ችሎት የዋለ ሁሉ ይህን ሥርዓት ያውቀዋል። አስተያየቱ በጽሑፍ ይግባ ሲባልም ይዘቱ ብዙ አይለወጥም፤ ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች ተተይበው ይመጣሉ። ክርክሩ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ሲፈጅ የቆየው ሰውየው ምን እንዳደረገ ለማወቅ ነበር። ማን እንደሆነ ለማወቅ የሚሰጠው ጊዜ ግን ከዚያ ሁሉ አጭሩ ነው። በእኔ እምነት የፍትሕ ሥርዓታችን ትልቁ ክፍተት እዚህ ላይ ይገኛል፦ ሕጉ ዳኛውን የአጥፊውን ሕይወት እይ ይለዋል፤ ያንን ሕይወት ፈልጎ ችሎት የሚያቀርብ ሰው ግን አላዘጋጀንም።

ነገሩ ለምን ይህን ያህል ይከብዳል ቢባል መልሱ ያለው በቅጣት ድንጋጌዎቹ ስፋት ውስጥ ነው። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያን ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ከባድ ስርቆት በአንቀጽ 669 ከ1 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። ወለሉና ጣሪያው መካከል የአንድ ልጅ ሙሉ አስተዳደግ ይገባል። አምስት ዓመት የታሰረ አባት ልጁን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያገኘዋል፤ ሃያ ዓመት የታሰረው የልጅ ልጁን ያገኛል። ዳኛው በዚህ ሰፊ ሜዳ ላይ የት እንደሚቆም የሚነግረው አንቀጽ 88 ነው። የአጥፊውን አደገኛነት፣ ያለፈ ሕይወቱን፣ ያነሳሳውን ምክንያትና ዓላማውን፣ የግል ኑሮውን፣ የትምህርት ደረጃውን፣ እንዲሁም የወንጀሉን ከባድነትና የተፈጸመበትን ሁኔታ አይቶ እንዲወስን ያዘዋል። መቀጮ ሲሆን ደግሞ ሀብቱ፣ ገቢው፣ የቤተሰብ ኃላፊነቱ፣ ዕድሜውና ጤናው ይታያሉ። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ስዊዘርላንዳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁት የ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ቅጣት በአጥፊው ልክ ይሰፋ የሚል መሠረት ነበረው።

ያለፈው ታሪክ የሚነገርበት ሰዓትም የታሰበበት ነው። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ሌላ ድንጋጌ ከሌለ በቀር፣ የተከሳሹ የቀድሞ ጥፋተኝነት ጥፋተኛ ከመባሉ በፊት ለፍርድ ቤቱ እንዳይገለጽ ይከለክላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ትናንት የሰረቀ ሁሉ ዛሬም ሰርቋል ማለት አይደለም። ዳኛው አስቀድሞ ታሪኩን ከሰማ ግን ማስረጃውን በዚያ ዓይን ማየቱ አይቀርም። ስለዚህ የሰውየው ሕይወት ደጅ ቆሞ ይጠብቃል፤ በሩ የሚከፈትለት ከጥፋተኝነቱ ውሳኔ በኋላ ነው። አሠራሩ ትክክል ነው። ችግሩ በሩ ሲከፈት የሚገባው ነገር ማነሱ ላይ ነው።

አንቀጽ 82 ጠቅላላ የቅጣት ማቅለያዎችን ይዘረዝራል። ቀድሞ መልካም ጠባይ የነበረው ሰው ባለማወቅ፣ በየዋህነት ወይም ባልታሰበ አጋጣሚ ያጠፋ እንደሆነ፤ በከባድ የኑሮ ወይም የመንፈስ ጭንቀት ውስጥ ሆኖ፣ በከባድ ዛቻ ፍርሃት ወይም ሊታዘዘው በሚገባ ሰው ተጽዕኖ ያደረገው እንደሆነ፤ በተበዳዩ ከባድ ቁስቆሳ በቁጣ የተነሳ እንደሆነ፤ ከጥፋቱ በኋላ ከልቡ ተጸጽቶ የበደለውን የረዳ፣ እጁን የሰጠ፣ ጉዳቱን የካሰ እንደሆነ። አንቀጽ 84 ተቃራኒውን ይዘረዝራል፦ ክፋት፣ ስስት፣ ጭካኔ፣ የተሰጠን ሥልጣን ወይም አመኔታ መካድ፣ በወንጀል መኖርን ልማድ ማድረግ፣ አቅመ ቢስ በሆነ ሰው ላይ መነሳት። በዝርዝሩ ያልተጠቀሰ ምክንያት ካለም አንቀጽ 86 ዳኛው እንዲጠቀምበት ይፈቅድለታል፤ ምክንያቱን ግን በግልጽ ማስፈር አለበት።

የመጀመሪያውን ማቅለያ እንደገና ልብ ብላችሁ አንብቡት። ሕጉ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ሰውየው ቀድሞ መልካም ጠባይ ይኑረው፤ ጥፋቱም ካለማወቅ፣ ከየዋህነት ወይም ከድንገተኛ አጋጣሚ የመጣ ይሁን። በችሎት ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ብቻ ይበቃል፤ መልካም ጠባይም ከፖሊስ በሚመጣ የጣት አሻራ ውጤት ይለካል። ሪከርድ ከሌለ መልካም ነው ይባላል። እንዲህ ያለው ወረቀት ግን የሚያሳየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰውየው ከዚህ በፊት ተይዞ አልተፈረደበትም። ለዓመታት ጎረቤቱን ሲያሸብር የኖረ፣ ግን ማንም ደፍሮ ያልከሰሰው ሰው ወረቀቱ ንጹሕ ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ዳቦ ሰርቆ የተፈረደበትና ከዚያ ወዲህ በጉልበቱ ሠርቶ የኖረ ሰው ወረቀቱ ቆሽሿል። ከተፈታ አምስት ዓመት ሳይሞላው እንደገና አስቦ ካጠፋማ በደጋጋሚነት ሌላ ክብደት ይጨመርበታል። ወረቀት እውነቱን ሁሉ ያውቃል ብለን ካመንን የምንቀጣው ሰው ማን እንደሆነ ሳናውቅ እንቀጣለን።

በሙስና መዝገብ ላይ ይህ በጣም ጎልቶ ይታያል። ከፍ ያለ ሹመት የሚሰጠው ሪከርድ ለሌለበትና ለተማረ ሰው ነው። መልካም ስሙ የካዝናውን ቁልፍ አስገኘለት። ከተፈረደበት በኋላ ያው መልካም ስም በማቅለያነት ይቀርባል። ሥልጣንን ያለአግባብ መጠቀም በማክበጃ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን እናውቃለን፤ ያ የወንጀሉ አካል ከሆነ ግን ሁለተኛ አይቆጠርም። ስለዚህ ማቅለያው ይቆጠርለታል፤ ማክበጃው ይቀራል። አጠገቡ በስርቆት የተፈረደበት የጎዳና ልጅ ምን ያቀርባል? አሠሪ የለውም፤ ደብዳቤ የሚጽፍለት ወረዳ የለም፤ መታወቂያ የለውም፤ የእድር አባል አይደለም። ከባድ የኑሮ ጭንቀት በሕጉ ማቅለያ ነው፤ ረሃብ ግን ማኅተም ያለበት ደብዳቤ የለውም።

«የቤተሰብ አስተዳዳሪ» የሚለውም እንዲሁ መመርመር ያለበት ነገር ነው። ልጆች ከአባታቸው ጋር አብረው እንዳይቀጡ ማሰብ ተገቢ ነው፤ የእናት እስራት ደግሞ ከዚያ በላይ ቤት ያፈርሳል። ሰውየው የተፈረደበት ግን ሚስቱን በመደብደብ ከሆነስ? የቤተሰብ አስተዳዳሪነቱ እዚያ የተገለጸው በዱላ ነው። ያንን ሐረግ ያለ ጥያቄ ተቀብሎ ቅጣት ማቅለል የተጎዳችውን ሴት ለሁለተኛ ጊዜ መበደል ነው። ማየት የሚገባው ቤተሰብ መኖሩን ብቻ አይደለም፤ ሰውየው ለቤተሰቡ ምን ሆኖለት እንደኖረ ነው። ይህንን ደግሞ ከሚስቲቱ፣ ከልጆቹና ከጎረቤት በቀር የሚነግረን የለም።

ዳኞች ይህን ሁሉ በየራሳቸው ሚዛን ሲመዝኑ የኖሩበት ጊዜ ሌላ ችግር ፈጥሮ ነበር። ለተመሳሳይ ጥፋት አንዱ ችሎት ሰባት፣ ሌላው አሥራ አምስት ዓመት ሊፈርድ ይችላል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ያወጣው፣ በ2006 ዓ.ም.ም ያሻሻለው ለዚህ ነው። መመሪያው ወንጀሎችን በደረጃ፣ ቅጣቶችን በእርከን አስቀመጠ። ዳኛው መነሻ ቅጣቱን ያወጣል፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ጠቅላላ ማክበጃ አንድ እርከን ይወጣል፣ ለእያንዳንዱ ጠቅላላ ማቅለያ አንድ እርከን ይወርዳል። ተከሳሹም ሆነ ተበዳዩ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ቻሉ፤ ይግባኝ ሰሚውም የሚመረምረው ነገር አገኘ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ዋጋውን ማሳነስ አልፈልግም። ነገር ግን ሕይወት በእርከን ሲቆጠር ልዩነቱ ይጠፋል። ለአሥር ዓመት የታመመች እናቱን ያስታመመ ሰውና ለቀጠሮው ቀን የሐኪም ወረቀት ያወጣ ሰው እኩል አንድ እርከን ይወርዳሉ።

የማቅለያ ክብደት እስከ ምን እንደሚደርስ አገር ሁሉ ያየበት መዝገብ አለ። የደርግ ባለሥልጣናት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ከተባሉ በኋላ በጥር 1999 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የማቅለያ ምክንያቶችን ተቀብሎ በኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና በሌሎች ዋና ዋናዎቹ ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደ። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ አለ፤ በግንቦት 2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሞት ፈረደባቸው። በ2003 ደግሞ እስር ቤት ለነበሩት የሞት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ። ድርጊቱም መዝገቡም አንድ ነበር። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ሕግ በአንቀጽ 117 የሞት ቅጣት የሚወሰነው በተለይ አደገኛ በሆነ ወንጀለኛ ላይ፣ ምንም ማቅለያ ሳይኖር ሲቀርና አጥፊው በድርጊቱ ጊዜ 18 ዓመት የሞላው ሲሆን ብቻ ነው ይላል። አንድ ማቅለያ ብቻ ከተገኘ በሞትና በሕይወት መካከል ይቆማል።

ዕድሜም ቢሆን በእኛ አገር ራሱ የሚፈለግ ታሪክ ነው። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ዛሬ በወንጀል ችሎት የሚቆሙ ወጣቶች ሁሉ የተወለዱት ከዚያ በፊት ነው። አሥራ ሰባት ነኝ የሚል ልጅ የልደት ወረቀት ከሌለው በሐኪም ግምት ይመዘናል፤ ግምቱ በአንድ ዓመት ከተሳሳተ ሕጉ ለልጆች ያስቀመጠው ጥበቃ ሁሉ ያመልጠዋል።

ሌሎች አገሮችም ከዚሁ ጥያቄ ጋር ታግለዋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 በኒው ዮርክ፣ ኮኔቲከትና ቨርሞንት ለሚሠሩ 50 የፌዴራል ዳኞች ሃያ ተመሳሳይ መዝገቦች ተሰጥተው እያንዳንዳቸው እንዲቀጡ ተጠየቁ። በአንዱ መዝገብ ላይ አንደኛው ዳኛ ሦስት ዓመት ሲፈርድ ሌላኛው ሃያ ዓመትና 65,000 ዶላር መቀጮ ፈረደ። ወረቀቱ አንድ ሆኖ ያለያያቸው የዳኞቹ ዓይን ነበር። ኮንግረስ በ1984 ሕግ አወጣ፤ በ1987 ሥራ ላይ የዋለው መመሪያም ትምህርትን፣ የሥራ ታሪክንና የቤተሰብ ትስስርን በመደበኛነት አትመልከቱ አለ። ሐሳቡ የተማረውና ሥራ ያለው በታሪኩ እንዳይጠቀም፣ ድሃውም በድህነቱ እንዳይጎዳ ነበር። ሆኖም ዕውር እኩልነት ሆነ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2005 መመሪያው አስገዳጅ መሆኑ ቀርቶ ምክር እንዲሆን ወሰነ። በዚሁ አገር የሞት ቅጣት ሲሆን ሕጉ ፈጽሞ ሌላ ነው። በኦክላሆማ የአንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ መዝገብ ላይ ዳኛው ልጁ ያደገበትን ዱላና ብጥብጥ ሕጉ እንዳይ አይፈቅድልኝም ብሎ ሞት ፈርዶ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1982 ልታየው ይገባ ነበር ብሎ ሻረው።

ከሁሉ የበለጠ ትምህርት የማገኘው ግን ከካናዳ ነው። በመስከረም 1995 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ናናይሞ ከተማ አንዲት የነባር ሕዝብ ተወላጅ ወጣት አሥራ ዘጠነኛ ዓመቷን በምታከብርበት ምሽት የልጇን አባት በቢላ ወግታ ገደለችው። ያለ ግድያ ሐሳብ ሰው መግደሏን አምና የሦስት ዓመት እስራት ተፈረደባት። የካናዳ የወንጀል ሕግ ከ1996 ጀምሮ ዳኞች ከእስራት ሌላ አማራጭ ሁሉ እንዲያዩ፣ በተለይም ለነባር ሕዝቦች ሁኔታ ትኩረት እንዲሰጡ ያዝዛል። የመጀመሪያው ዳኛ ግን የምትኖረው ከተማ ነው፣ በማኅበረሰቧ መካከል አይደለም ብሎ ድንጋጌውን ተወው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሚያዝያ 1999 ይህ ስህተት ነው አለ። ግላዱ በሚባለው በዚህ ፍርድ መሠረት ዳኛው ሁለት ነገር ማየት አለበት፦ ሰውየውን ወደ ችሎት ያመጣው የኑሮ ሥርዓት ምንድነው፣ ለእሱና ለማኅበረሰቡ የሚስማማውስ ቅጣት የትኛው ነው። ልጆችን ከወላጆቻቸው ነጥለው ቋንቋቸውን ያስረሱ አዳሪ ትምህርት ቤቶች፣ የፈረሱ ቤተሰቦች፣ መጠጥና ሥራ አጥነት ሁሉ የወንጀሉ ታሪክ አካል ሆኑ።

ፍርዱ በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። ከቅጣት በፊት የሚቀርብ «የግላዱ ሪፖርት» የሚባል ሰነድ ተወለደ። ጸሐፊው አጥፊውን፣ አያቶቹን፣ መምህራኑንና ጎረቤቶቹን ያነጋግራል፤ የሦስት ትውልድ ታሪክ ያሰባስባል፤ ከእስራት ሌላ ምን ሊሠራ እንደሚችልም ያቀርባል። ቶሮንቶ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ለዚሁ የተለየ ችሎት ተከፍቷል። የኦንታሪዮ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2021 በሰጠው ውሳኔ ደግሞ የጥቁር ተከሳሾች ማኅበራዊ ታሪክ ቅጣት ሲወሰን ሊቀርብ እንደሚችል አረጋግጧል። በዚያው መዝገብ ግን ወንጀሉ ከባድ ስለሆነ ቅጣቱን ከፍ አድርጎታል። ታሪክ መስማት ማለት ሁልጊዜ ምሕረት ማድረግ ማለት እንዳልሆነ ይህ በግልጽ ያሳያል፤ በግላዱ መዝገብም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛው መሳሳቱን ካረጋገጠ በኋላ የሦስቱን ዓመት ቅጣት አልለወጠም።

የካናዳ ውጤት ግን ልብ ይሰብራል። ግላዱ ሲፈረድ ከፌዴራል እስረኞች 12 በመቶ ገደማ የነበሩት የነባር ሕዝቦች ተወላጆች ዛሬ ሲሶ ያህል ደርሰዋል፤ ከሕዝቡ ግን 5 በመቶ ብቻ ናቸው። በሴቶች እስረኞች ዘንድ ግማሽ ይጠጋሉ። ይህን የሚያነሱ ሰዎች ታሪክ መስማት ከንቱ ነው ይላሉ። እኔ እንዲህ አላነበውም። ዳኛ ቤተሰብ አይጠግንም፤ ሥራም አይፈጥርም። የፈረሰውን ነገር ሰምቶ መፍረድና የፈረሰውን መሥራት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ስላልተሠራ የመጀመሪያው ይቅር አይባልም።

ወደ አገራችን ስንመለስ መንገዱ ጭራሽ የሌለ አይደለም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ሲያጠፉ ሕጉ ፍርድ ቤቱ ስለ ልጁ ጠባይ፣ ትምህርትና ኑሮ መረጃ እንዲሰበስብ፣ ወላጆቹንና የትምህርት ቤቱን ሰዎች እንዲጠይቅ በር ይከፍታል። ለልጆች የተመቹ ችሎቶች በተቋቋሙባቸው ቦታዎች ማኅበራዊ ሠራተኞች ቤት ድረስ ሄደው ይህን ያጣራሉ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚለው አነጋገራችን እዚያ በተግባር ይታያል። ልጁ አሥራ አምስት ዓመት ካለፈው በኋላ ግን በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ ዳኛው ዕድሜውን አይቶ ሊያቀልለት ይችላል፣ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚጠይቅለት ሰው ግን በተለምዶ አይኖርም። አሥራ ስምንት ሲሞላው ያለው የጣት አሻራ ወረቀትና ጠበቃ ከተገኘለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው።

በርካታ መዝገብ የተሸከመን ተከላካይ ጠበቃ ይህን ሁሉ አንተ ፈልገህ አምጣ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ዳኛውም ከመድረኩ ወርዶ መርካቶ አይዞርም። የአጥፊውን ሕይወት አጣርቶ ለችሎት ሪፖርት ማቅረብ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ የሠለጠነ ሰው፣ ደመወዝና ጊዜ ይፈልጋል። ከባድ ቅጣት በሚያስከትሉ ወንጀሎች፣ በተለይ ወለሉና ጣሪያው በተራራቁት ላይ ቢጀመር ወጪው ሊቻል የሚችል ይመስለኛል። አንድ ሰው ሳያስፈልግ የሚታሰርባቸው ዓመታትም በመንግሥት ቀለብ የሚያልፉ ዓመታት ናቸው። ሪፖርቱ ለአጥፊው ብቻ የሚጠቅም አይሁን። ተበዳዩን ወይም የሟች ቤተሰብን ያነጋግር፤ ካሳ ተከፍሎ እንደሆነ፣ በሽማግሌ የተደረገው እርቅ ከልብ ይሁን በጫና የተገኘ ይጠይቅ። በየአካባቢው ደም የሚያደርቁ ሽማግሎች የሚያውቁትን ችሎቱ ከፊርማ በስተቀር ሳያውቅ መቅረት የለበትም።

ለዚህ አዲስ አዋጅ እስኪወጣ መጠበቅም ግድ አይደለም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 149 ጥፋተኛነት ከተወሰነ በኋላ ዐቃቤ ሕጉም ተከሳሹም ስለ ጠባዩ ምስክር እንዲያቀርቡ ይፈቅዳል፤ ዐቃቤ ሕግ ያነሳውን ያለፈ ታሪክ ተከሳሹ ካላመነ ማስረዳት የዐቃቤ ሕግ ግዴታ ነው። ድንጋጌው ከስድሳ ዓመት በላይ ኖሯል። የእድር ሰብሳቢ፣ የቀድሞ መምህር፣ አሠሪ፣ የንስሐ አባት፣ ሰውየው ሰክሮ ሲመጣ ልጆቹን የምታስጠልል ጎረቤት፣ ሁሉም በዚህ አንቀጽ መሠረት ችሎት ቀርበው ሊሰሙ ይችላሉ። ተከሳሹ «ልጆች አሉኝ» ብሎ ሲያቆም ዳኛው ስንት ናቸው፣ ማን ጋ ናቸው፣ አንተ ከመታሰርህ በፊት ምን ይበሉ ነበር፣ አሁንስ ብሎ መጠየቅ ዛሬም ይችላል።